ንብ የሚመስለው ዝንብ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኤሪስታሊስ ቴናክስ ስለሚባለው አንዣባቢ ዝንብ የጠየቃችሁትን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ አበባ ላይ ሳየው ንብ መስሎኝ እሸሻለሁ። በምን ልለየው?

መልስ፦ አትሽሽ፣ መንደፊያ የለውም። ንብ አራት ክንፍ አላት፣ እሱ ሁለት ብቻ። ችግሩ ንብ ስትበር የፊትና የኋላ ክንፎቿ ስለሚያያዙ ቆጠራው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ፊቱን እይ። አንቴናው እጥር ያለ ነው፣ ዓይኖቹ ደግሞ ጭንቅላቱን ሊሸፍኑት ምንም አልቀራቸውም። ጠጋ ብለህ ካየኸው ዓይኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጠቆር ያሉ የፀጉር መስመሮች አሉ። አዎ፣ ዓይኑ ላይ ፀጉር! እኔ የምተማመነው በዚህ ነው። የሆዱ ቀለም ያሳስታል፤ አንዱ ግራና ቀኝ ሰፋ ያለ ብርቱካንማ ምልክት ሲኖረው ሌላው ጥቁር ሊባል ምንም አይቀረውም።

ጥያቄ፦ ወንዱና ሴቷስ?

መልስ፦ የወንዱ ዓይኖች አናቱ ላይ ይገናኛሉ። የሴቷ አይገናኙም። በቃ።

ጥያቄ፦ የት የት ይገኛል?

መልስ፦ የሌለበትን መናገር ይቀላል፦ አንታርክቲካ። የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ሲያወጣለት የሚታወቀው በአውሮፓ ነበር፤ ሰሜን አሜሪካን የረገጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ በሁሉም የሰው መኖሪያ አህጉራት አለ።

ጥያቄ፦ እንዴት እንዲህ ተዳረሰ?

መልስ፦ እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል፣ ምርጫ አያበዛም። የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የፍግ ውሃ፣ የበሰበሰ ቅጠል የተኛበት ኩሬ፣ ሌላው ነፍሳት ታፍኖ የሚሞትበት ቦታ ሁሉ ይመቸዋል። ምስጢሩ ጭራው ነው፤ እንደልቡ የሚረዝምና የሚያጥር መተንፈሻ ቱቦ ስለሆነ አካሉ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ጫፉ ብቻ ውሃው ላይ ብቅ ይላል። ሰው ባለበት ቆሻሻ ውሃ አይጠፋም፣ እሱም አይጠፋም። በዚያ ላይ ረጅም ርቀት ይሰደዳል፤ ብርድ በሚጠናበት አገር ደግሞ ከወንድ ጋር የተራከቡ ሴት ዝንቦች ስንጥቅና ዋሻ ውስጥ ተሸሽገው ክረምቱን ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ ሳምሶን በአንበሳው ሬሳ ውስጥ ያየው ንብ ይሄ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ንብ ከበሬ ሬሳ ይወለዳል ይሉ ነበር፤ ለዚያ እምነት ይሄ ዝንብ ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ በበሰበሰ ሬሳ ፈሳሽ ውስጥም ይራባልና። ለሳምሶን ግን አይመስለኝም፤ እሱ ማር ቆርጦ በልቷል፣ ዝንቡ ማር አይሠራም።

ጥያቄ፦ ቤት ሲገባ ልግደለው?

መልስ፦ ኧረ ተው! መስኮት ክፈትለት። ካደገ በኋላ የሚበላው የአበባ ወለላና ዱቄት ነው፣ ከአበባ አበባ ሲዞርም ያዳቅልልሃል።