ከድሬ ዋሽንግተን በአየር ስንት ነው ላልሽው

እህቴ፣ «ከድሬዳዋ ዋሽንግተን በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ሲሄድ 17 ሰዓት ገደማ፣ ሲመለስ 13 የሚለውስ ለምንድን ነው? እናቴ ብቻዋን ናት የምትሄደው» ብለሻል። እኔም እናቴን ሁለት ጊዜ ከዚሁ ከድሬ ሸኝቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

በቀጥታ ቢለካ 11,750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ትገባለች። በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ በአየር 345 አካባቢ ነው። ከቦሌ ዋሽንግተን ደግሞ 11,560 ገደማ። ደምሪው፤ በአዲስ አበባ መዞሩ የሚጨምረው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ሰዓቱን የሚያራዝመው የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፏል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። መሐል አርፎ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሲመለስ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው ንፋስም ከኋላ ይገፋዋል።

የሚያርፍበት ከተማ ይለዋወጣል። የእናቴ በአየርላንዷ ደብሊን ነበር። «አየርላንድ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ብዬ በልጄ ሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጠርኩ። ክሩ ሰሐራን አቋርጦ በፖርቱጋል በኩል ወጣ። ደብሊን ከዚያ ወደ ሰሜን ትርቃለች። ግን ሲደመር 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይጨምርም። ምድር ክብ ስለሆነች ጠፍጣፋው ካርታ ያሳስታል።

ለእናትሽ ግን አንድ ነገር አስረግጠሽ ንገሪያት። አውሮፕላኑ መሐል ላይ ሲያርፍ ደረስኩ እንዳትል። የእኔ እናት ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ቆማለች። አንዲት አማርኛ የምትናገር ሆስተስ ናት እጇን ይዛ ወደ ወንበሯ የመለሰቻት። ሳልነግራት መላኬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትኬቱን ከድሬ እስከ ዋሽንግተን በአንድ ቁረጡ። እኛ ለየብቻ ቆርጠን እናቴ ሻንጣዋን ቦሌ ላይ ተቀብላ፣ እየጎተተች እንደገና ተሰልፋለች። ሰዓቱንም ልብ በይ፤ ትኬት ላይ 22:30 ካለ ከምሽቱ 4:30 ማለት ነው።

ከዚህ በስሷ ቀሚስ በድሪያ ብትወጣም ጋቢ በእጇ ትያዝ፤ ውስጡ ይበርዳል። እግሯ እንዳያብጥም አልፎ አልፎ ተነስታ ትንቀሳቀስ።

በሁለተኛው ጉዞዋ «ከቦሌ ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ ሲያርፍ አትውረጂ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ፓስፖርቷ ውስጥ አስገባሁላት። ስትደርስ ደውላ ወረቀቱን ለጎረቤቷ ሁሉ እንዳሳየችው ነገረችኝ።