«መዋጮ ከፍዬ ምን አገኛለሁ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በክረምት ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው፤ ጥናቴም የጣናው እምቦጭ አረም ላይ ነው። ባልደረቦቼ የባዮሎጂ ማኅበር አባል ሁኚ ይሉኛል። መዋጮ ከፍዬ ምን አገኛለሁ? መንግሥትስ የእኛን ጥናት መቼ ያነባል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ከርሜያለሁ። ብቻሽን ይዘሽው ከሄድሽ አያነቡትም። ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው።

ከዓመታት በፊት 42 ገጽ ጥናት ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ኃላፊው ገለጥ ገለጥ አደረገና «እሺ ጋሼ፣ ምን ይደረግ ነው የሚሉት? ስንት ብር ይፈጃል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ደግሞ ወሩ ሰኔ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን የሚያዘጋጁት በበጋው ነው። እኔ የደረስኩት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። አንቺ የተማሪ ፈተና ስታርሚ ያ ጊዜ ያልፍሻል። ማኅበር ግን ቀኑን የሚጠብቅ ሰው ሊኖረው ይችላል።

ባለፈው ጎርጎራ ወርጄ ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሲጎትት አየሁት። ዓሣው አራት ነው፤ የቀረው እምቦጭ። ሥሩ እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ ጥቁር ውሃ ያንጠባጥባል። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። ያበጠውን የቅጠሉን አንገት ስጨምቀው እንደ ስፖንጅ ተነፈሰ። ሰውየው በዘመቻው ጊዜ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከርሟል። «ነቀልነው፣ መጣ» አለኝ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በጀት የሚያዘው ግን ለአንድ ዓመት ነው። ያንቺም ጥናት ከዲግሪሽ ጋር ያልቃል። ያን ሁሉ ዓመት «ክትትሉ አይቋረጥ» እያለ የሚወተውት ማን ነው? ማኅበሩ ነው መሆን ያለበት።

ሌላው አገር እንዴት እንዳደረገው ልንገርሽ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1986 የምርምር ገንዘብ መቆረጡ ያስጨነቃቸው ከ1,000 በላይ ተመራማሪዎች ከኪሳቸው አዋጥተው በታይምስ ጋዜጣ ማስታወቂያ አወጡ። ከዚያ መዋጮ ዛሬም ድረስ ለሳይንስ የሚሟገት ማኅበር ተወለደ። በአሜሪካ ደግሞ ፋሴብ የሚባል የባዮሎጂ ማኅበራት ኅብረት አለ፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ለየክፍለ ግዛቱ አጭር ወረቀት ያዘጋጃል። እናንተ አካባቢ ይህን ያህል የምርምር ገንዘብ ገብቷል፣ ይህም ተሠርቶበታል ይላል። አባላቱ ያንን ይዘው የየራሳቸውን ተመራጭ ቢሮ ያንኳኳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2003 የአገሪቱ የጤና ምርምር ተቋም በጀት ከ13 ወደ 27 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አድጓል። ማኅበራቱ ብቻቸውን አላመጡትም፤ ሕመምተኞችም አብረው ጮኸዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ አጭር ወረቀት ነው። ጎርጎራ ያለችበት የደምቢያ ተመራጭ «ባዮማስ» ብትዪው ዝም ይልሻል። «ጎርጎራ» ስትዪው ቀና ይላል።

ሕጉ አይከለክልሽም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበራት ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ማኅበር ያልተስማማበትን ተስማምቻለሁ ማለት የለበትም። ዘረመላቸው የተለወጠ ፍጥረታትን የሚመለከተው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ በዘረመል ምሕንድስና ላይ ግን ባዮሎጂስቶች ዛሬም አንድ ሐሳብ የላቸውም። እንዲህ ሲሆን ይህን እናውቃለን፣ በዚህ እንለያያለን ብሎ በግልጽ ማቅረብ ነው። አንዴ የዋሸን ባለሙያ ሁለተኛ ማንም አይሰማውም።

ጎንደር ይህን ነገር ታውቀዋለች። የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. እዚያ የተከፈተበት አንዱ ምክንያት ደምቢያን የፈጀው ወባ ነበር። ያኔ ሰው ካለቀ በኋላ ነው የታሰበው። አሁን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንችላለን።

ስለዚህ ጥናትሽን አንድ ገጽ አድርጊው። ችግሩ የት ነው፣ ምን ይደረግ፣ ስንት ይፈጃል፣ ስንት ዓመት ይወስዳል። ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ የማኅበሩን ሰዎች ጠይቂያቸው፦ ባለፈው በጋ ለየትኛው የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ምን አስገባችሁ? መልስ ካላቸው ክፈዪ። ከሌላቸውም ክፈዪና ያንን ገጽ ይዘሽ አንቺው ጀምሪው።