የዛገ የፊት ዲስክ ብሎን አልፈታ ሲል

የሞተር ሳይክሌ የፊት ፍሬን ዲስክ ብሎኖች አልፈታ አሉኝ ላልከው፦ በአለን ቁልፉ (ባለ ስድስት ጎኑ ቁልፍ) መታገል አቁም። የፊት ዲስክህን ብሎኖች የያዛቸው ዝገቱ ብቻ አይደለም፤ ጥርሱ ላይ የብሎን ሙጫ አለ። ሦስት ቀን ዘይት ነፍተህ ያልተፈታልህም ለዚህ ነው፤ ሙጫው የሚለቀው በሙቀት ነው።

1. ጎማውን አውርደህ ዲስኩ ወደ ላይ ሆኖ አስተኛው።
2. የብሎኑን ጭንቅላት በሙቅ አየር መንፊያ አሙቅ። 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ሙጫው ይለሰልሳል። የኩሽኔታውን ላስቲክ እንዳታቃጥል አደራ።
3. ሳይበርድ ቁልፉን በመዶሻ መታ መታ አድርገህ አስገባና ሳታንገጫግጭ ፍታ።
4. ቀዳዳውን በማስኪዮ (የብሎን ጥርስ ማውጫ) አጽዳ።

አሮጌው ብሎን ላይ 10.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ከተጻፈ አዲሱም 10.9 ይሁን። የማይዝገው ብሎን፣ ኤ2-70 የሚባለው፣ ያምራል፤ የመበጠስ ጥንካሬው ግን 700 ሜጋፓስካል ነው፣ የ10.9 ከ1000 በላይ።

አሮጌዎቹን በአሲድ አጥቤ ዚንክ ላስነክራቸው ላልከው፣ ለዲስክ አታድርገው። ከአሲዱ የሚወጣው ሃይድሮጂን ጠንካራ ብረት ውስጥ ገብቶ ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ብሎኑ ደህና መስሎ ከታሰረ ከቀናት በኋላ ድንገት ይቆረጣል። ለጭቃ መከላከያና ለሽፋን ብሎኖች የሽቦ ብሩሽና የሚረጭ ቀለም ይበቃል። ከጭንቅላቱ ሥር ግን ቀለም አይግባ፤ ሲጨፈለቅ ብሎኑ ይላላል።