ከትንንሾቹ ፊት ከመቆማችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

በየትምህርት ቤታችሁ በክበብ ተሰባስባችሁ የታችኛውን ክፍል ሕፃናት ስለ ጉልበተኝነት፣ ዛሬ ብዙዎቻችሁ «ቡሊ» ስለምትሉት ነገር፣ ለማስተማር ለተነሣችሁት ለእናንተ ይህን የምጽፈው 34 ዓመት በመምህርነት፣ ከዚያም ውስጥ የመጨረሻዎቹን 11 ዓመታት በተማሪዎች የምክር አገልግሎት ያሳለፍሁ ሰው ሆኜ ነው። ሥራችሁን ከልቤ እወደዋለሁ። የ3ኛ ክፍል ልጅ መምህሩ ከነገረው ይልቅ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የነገረውን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚገባ፣ ማታም ለእናቱ ያንኑ እንደሚደግምላት ደጋግሜ አይቻለሁና።

አብዛኞቻችሁ ትምህርቱን የምትጀምሩት ከሚጠቃው ልጅ ነው፤ «ጠንካራ ሁን፣ ዝም አትበል» ትሉታላችሁ። እኔ ግን ከእርሱ አትጀምሩ እላለሁ። 60 ልጆች ባሉበት ክፍል የሚያጠቃው አንድ ወይም ሁለት ነው፣ የሚጠቃውም ጥቂት ነው፤ የቀሩት ሁሉ የሚያዩ፣ የሚስቁ ወይም ዐይናቸውን የሚያሸሹ ናቸው። ትምህርታችሁ በመጀመሪያ ለእነዚህ ይሁን።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከገጠር ወደ ከተማ አጎቱ ዘንድ መጥቶ የተመዘገበ አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ። አንድ ቀን ምንባብ እንዲያነብ አስነሣሁት፤ አንዱን ቃል በአገሩ አነጋገር ሲጠራው ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አስመስሎ ደገመበት፣ ክፍሉም ሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ። ያቺ ፈገግታ ለክፍሉ ፈቃድ ሆነችለት። በማግሥቱ ያ ቃል የልጁ ቅጽል ስም ሆኖ በዕረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ሲጠራ ሰማሁ፤ ልጁም ከዚያ ወዲያ እጁን አውጥቶ አያውቅም፤ ከፋሲካ በኋላም አልተመለሰም። አጎቱን ስጠይቀው ልጁ «አልማርም» ብሎ ወደ አገሩ እንደሄደ ነገረኝ። የኋላ ወንበሩ ልጅ የሚስቅለት አጥቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር፤ ያሳደገው የእኛ ሳቅ ነው፤ ከሁሉም በላይ የእኔ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በካናዳ፣ በቶሮንቶ፣ የትምህርት ቤት መጫወቻ ሜዳዎችን በካሜራ የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡትን ውጤት ሳነብ ያን ልጅ አስታወስሁ። ጥቃት ከተፈጸመባቸው ጊዜያት ከ10 በ9ኙ ገደማ ሌሎች ልጆች በቦታው ነበሩ፤ ለተጠቂው የደረሱለት ግን ከ5 አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። በደረሱለት ጊዜ ደግሞ ከግማሽ በሚበልጠው ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። 10 ሰከንድ! በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2007፣ በኖቫ ስኮሺያ፣ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሮዝ ሸሚዝ ለብሶ በመምጣቱ መሰደቡን የሰሙ ሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 50 ሮዝ ካናቴራ ገዝተው ለጓደኞቻቸው አደሉ፤ በማንም ላይ እጃቸውን አላነሡም።

እንግዲህ ለ8 ዓመት ልጅ የሚቻለውን አስተምሩት። «ጉልበተኛውን ተጋፈጠው» አትበሉት፤ አይችልም፣ ሊጎዳም ይችላል። «አትሳቅ፤ ከከበቡት መካከል ውጣ፤ ልጁን በእውነተኛ ስሙ ጥራውና ‹ና፣ እንጫወት› በለው» በሉት። ይህን በጭውውት አለማምዷቸው፤ ነገር ግን የአጥቂውን ቦታ ሁልጊዜ ከእናንተ አንዱ ይጫወት። በአንድ ክፍል ውስጥ ታላላቆቹ ሳያውቁ፣ ዘወትር የሚሾፍበትን ልጅ የተጠቂውን ቦታ ሰጥተውት፣ ክፍሉ ሁሉ እንደገና ሲስቅበት አይቻለሁና። «በእናንተ ክፍል ጉልበተኛው ማን ነው?» ብላችሁም በአደባባይ አትጠይቁ።

በኖርዌይ ለረጅም ዓመታት የተመራመረው ዳን ኦልቬውስ ጉልበተኝነትን ከተራ ጠብ የሚለዩ ሦስት ምልክቶች አስቀምጧል፤ እነርሱን በልጅ ቋንቋ ንገሯቸው፦ አውቆ ያደርገዋል፣ ደጋግሞ ያደርገዋል፣ የሚደረግበትም ልጅ በራሱ ሊያስቆመው አልቻለም። በኳስ የተጣሉ ሁለት እኩያሞች ጉልበተኞች አይደሉም። ጉልበትም ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሆኖ መምጣት፣ የሰውን ምስጢር መያዝ፣ የክፍል አለቃ ሆኖ የረባሾችን ስም የሚጽፍበትን እርሳስ መጨበጥም ጉልበት ነው።

ከሁሉ የሚከብዳችሁ ግን «አሳባቂ» የሚለው ቃል ይሆናል። ልጆቻችን ከአፍ መፍቻቸው ጀምሮ ይህን ስድብ ይፈሩታል፤ ስለዚህ ዳቦውን በየቀኑ የሚቀሙት ልጅ እንኳ ዝም ብሎ እየተራበ ይማራል። ልዩነቱን በምሳሌ አሳዩአቸው፤ ጠመኔ የሰበረው እንዲቀጣ ብሎ መናገር ማሳበቅ ነው፤ ጓደኛው ዳቦውን እንዳይቀማ ብሎ መናገር ግን ማዳን ነው። ይህን ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ልጁ የሚነግረው መምህር ማን እንደሆነ፣ ከሰማ በኋላም ምን እንደሚያደርግ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱ። መናገር ዱላ የሚያመጣ ከሆነ ልጁ ሁለተኛ አይናገርም፤ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ይህን እናንተም ልታውቁት ይገባል። አንዱ ሕፃን በጆሯችሁ ከባድ ነገር ቢያንሾካሹክላችሁ፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡለት፤ እጁን ይዛችሁ በዚያው ቀን ወደ መምህሩ አብራችሁት ሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በምክር አገልግሎት ሳለሁ ሕፃናቱን «በዚህ ግቢ የምትፈሩት ቦታ የት ነው?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር፤ ብዙዎቹ የሚጠቁሙኝ የውኃ ቧንቧውን ነበር፤ በዕረፍት ሰዓት ታላላቆቹ እየገፏቸው ቀድመው ስለሚጠጡ። እናንተም ትምህርቱን ጨርሳችሁ፣ ደወል ተደውሎ፣ ጠምቷችሁ ወደ ቧንቧው ስትሄዱ፣ አሁን ያስተማራችኋቸው ልጆች ጆጎአቸውን ይዘው እዚያው ይጠብቋችኋል። ከኋላቸው ተሰለፉ።