መልስ፦ በኢንቨስትመንት ስጋት ላይ ምን ልመርምር?

ወንድሜ፣ «ለማስተርስ ጽሑፌ የኢንቨስትመንት ስጋትን መርጬ ነበር፤ ግን ከማርኮዊትዝ ወዲህ የቀረ ነገር አለ?» ላልከው፣ ኧረ ሞልቷል። ኢኮኖሚስቱ ማርኮዊትዝ በ1952 እ.ኤ.አ. ስጋትን የለካው በትርፍ መዋዠቅ ነው። ችግሩ፣ ይህ ልኬት ወደ ላይ መዋዠቁንም ወደ ታቹንም እኩል ይቆጥራል። የመተማ ሰሊጥ ዋጋ ድንገት ቢወጣለት የጎንደር ነጋዴ «ስጋት ደረሰብኝ» ይላል እንዴ? ስለዚህ ብዙ ተመራማሪ ኪሳራውን ብቻ ወደ መለካት አደላ። ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ ደግሞ አንድ ባንክ ሲወድቅ ሌሎቹን እንዴት ይዞ እንደሚወድቅ ትልቅ ጥያቄ ሆነ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳዩትም አለ፦ ሰውን ኪሳራ ከእኩያው ትርፍ ይበልጥ ያንገበግበዋል።

አሁን የአየር ንብረት ስጋትና ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ ራሱ እንዲማር ማድረግ) ገነዋል። ሁለተኛውን አልመክርህም፤ ብዙ ዳታ ይፈልጋል፣ የእኛ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ (አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያይበት) ደግሞ የተከፈተው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው። እኔ ብሆን የጎንደር ቅዳሜ ገበያ ነጋዴዎችን እጠይቅ ነበር፦ ገንዘባቸውን በእህል፣ በቤትና በእቁብ ሲከፋፍሉ ምን ፈርተው ነው? መጠይቁን ግን አሳጥረው፤ በገበያ ቀን 4 ገጽ የሚሞላልህ የለም።