ልቦለዴን ልጨርስ ወይስ ትምህርቴን?

ደብዳቤሽን ከላክሽልኝ 40 ገጽ ጋር አነበብኩት። የአካውንቲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። የምትጽፊው ስለ ሦስት ወንድምና እህቶች ነው። ታላቅየው የገዢው ፓርቲ ሰው ነው። መካከለኛዋ ውጭ አገር ኖራ ስትመለስ አፍ መፍቻ ቋንቋዋ እየጠፋት ነው። ታሪኩን የምትተርከው ትንሿ ናት። ጥያቄሽ ደግሞ፣ «ልቦለዱን ለመጨረስ ትምህርቴን አንድ ዓመት ላቋርጥ?» የሚል ነው።

አታቋርጪ እህቴ። እንዲህ የምልሽ ጽሑፍሽ ስላልጣመኝ አይደለም፤ አንድ ዓመት ስለማይበቃሽ ነው። ህንዳዊቷ ደራሲ አሩንዳቲ ሮይ የተማረችው አርክቴክቸር ነው። ስለ መንትያ እህትና ወንድም የጻፈችው የመጀመሪያ ልቦለዷ አራት ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል፤ በእሱም ለእንግሊዝኛ ልቦለድ የሚሰጠውን የቡከር ሽልማት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። አንቺንም ለዓመታት የሚያኖርሽ ሥራ ያስፈልግሻል። ዲግሪሽን ያዢ። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 300 ቃል ብትጽፊ በዓመት 78,000 ቃል ይሆናል። ይሄ አንድ ሙሉ ልቦለድ ነው።

አሳታሚ ጋ ለመሄድም አትቸኩዪ። የጀማሪን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ካለቀ በኋላ ነው። ጀርመናዊው ደራሲ ቶማስ ማን የአንድ ነጋዴ ቤተሰብ ልጆችን ታሪክ ጽፎ ሲልክ፣ አሳታሚው በግማሽ አሳጥረው አለው። እምቢ አለ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1901 ሳይቆረጥ ሲወጣ ደራሲው ገና 26 ዓመቱ ነበር። እንዲህ እምቢ ለማለት መጀመሪያ ያለቀ ረቂቅ በእጅ መኖር አለበት።

አሁን በጣም ወደከነከነኝ ነገር ልምጣ። ታላቅ ወንድምየው ከስብሰባ ሲመለስ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ባጅ ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ከዚያ ነው የእናቱን በር የሚያንኳኳው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል! እኔ ግን እዚያ ቆሜ ቀረሁ። ባጁን የደበቀው አፍሮ ነው? እናቱ እንዳታዝንበት ነው? ወይስ እዚያ ቤት ውስጥ ልጅ ብቻ መሆን ፈልጎ? እሱን ጻፊልኝ። ሌሎቹ ገጾች ላይ እሱን መክሰስ ይበዛል፤ ተራኪዋ ግን አንድም ጥፋት የለባትም። ወንድሟን በፖለቲካው የምትወቅስ ልጅ፣ በእሱ ደሞዝ ስትማር ምን ይሰማታል? ደሞዙን አንቺው ነሽ ምዕራፍ ሁለት ላይ ያነሳሽው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ረስተሽዋል።

«የገዛ ወንድሜ ራሱን ያየዋል» ብለሽ መፍራትሽ ይገባኛል። ረቂቁ እስኪያልቅ ለማንም አታሳዪ። ሥራውን፣ ዕድሜውን፣ አነጋገሩን በኋላ መቀየር ትችያለሽ።

የባጁን ትዕይንት ሦስት ገጽ አድርገሽ መልሰሽ ላኪልኝ። መካከለኛዋ እህት ግን ሰው ሁሉ በቀልዱ ስቆ ከጨረሰ በኋላ ዘግይታ የምትስቅበት ቦታ አለ አይደል? እሱን አንዲት ቃል እንዳትነኪው።