የአንባቢያን ጥያቄ፦ ወሰን፣ ጫፍ፣ ገደብ በግሪክኛ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የምሠራ አስጎብኚ ነኝ። እንግዶችን ከፋሲል ግቢ ተቀብዬ እስከ ሰሜን ተራሮች አደርሳለሁ። ከግሪክ የሚመጡ ሰዎች ስላጋጠሙኝ የእንግሊዝኛውን በራሪ ወረቀታችንን ወደ ግሪክኛ ልመልሰው አሰብሁ። በስልኬ መተርጎሚያ ስሞክር ግን «ሊሚት» እና «ኤክስትሪም» በተጻፉበት ቦታ ሁሉ የተለያየ ቃል ያወጣልኛል። ወረቀቱ ላይ የፓርኩ ወሰን፣ የመኪና የፍጥነት ገደብ፣ የገደሉ ጫፍ፣ ኃይለኛው ብርድ፣ በቅሎ የምትችለው ከፍተኛ ጭነት፣ በመጨረሻም «አቅምዎን የሚፈትን ጉዞ» የሚል ማስታወቂያ አለ። የትኛውን ቃል ልያዝ?
አስጎብኚው፣ ከጎንደር

መልስ፦ ስልክህን አትውቀሰው፤ የተለያየ ቃል ማውጣቱ ልክ ነው። ጥፋቱ የእንግሊዝኛው ነው፤ ስንቱን ነገር በአንድ ከረጢት ከትቶ «ሊሚት» ብሎ አሥሮታል። አንተ ግን በደብዳቤህ ላይ ሳታስበው ፈትተኸዋል። ለፓርኩ ወሰን፣ ለመኪናው ገደብ፣ ለገደሉ ጫፍ አልህ። ግሪኮችም እንዲሁ ይለያሉ። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ወረቀት አጥፈህ ኪስህ ክተትና በመጀመሪያ በአማርኛ ጻፈው። ከአማርኛው ወደ ግሪክኛው መንገዱ አጭር ነው።

ከ«ኦሪዮ» እንነሣ። ኦሪዮ ሰው ወይም ሕግ ያኖረው ገደብ ነው። የፍጥነት ገደብ «ኦሪዮ ታኺቲታስ»፣ የዕድሜ ገደብ «ኦሪዮ ኢሊኪያስ» ይባላል። የፓርኩ ወሰንም ከዚሁ ነው፤ ብዙ ሲሆን «ታ ኦሪያ ቱ ፓርኩ» በለው። እዚህ ላይ ግን ለአንተ ለተራራ ሰው የተጠመደ ወጥመድ አለ። በግሪክኛ ተራሮች «ኦሪ» ናቸው። ከ«ኦሪያ» መጨረሻዋን ድምፅ ከዋጥሃት «የፓርኩ ወሰን» ያልኸው «የፓርኩ ተራሮች» ሆኖ ይሰማል፤ ሰሜን ላይ ደግሞ ሁለቱም ትርጉም ስለሚሰጥ የሚያርምህ አይኖርም። በተራ ንግግር ግሪኮች ተራራን «ቩኖ» ይላሉ፤ «ኦሮስ»ን በአብዛኛው ለስም ያስቀምጡታል። መነኮሳቱ የሚኖሩበትን አቶስን «አዪዮን ኦሮስ»፣ ቅዱስ ተራራ፣ እንደሚሉት ማለት ነው። በንግግርህ ቩኖን ያዝ፤ ከስሕተት ትድናለህ።

«ሲኖራ» የሚል ቃልም ስልክህ ሳያቀብልህ አይቀርም። መነሻው «ሲን»፣ አብሮ ማለት ነው፤ ሁለት ጎረቤቶች የሚጋሩት ድንበር። ዛሬ በብዛት የሚነገረው ስለ አገር ድንበር ስለሆነ ደባርቅ ላይ ብትጠቀምበት እንግዳህ ፓስፖርቱን ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል።

ወደ ገደሉ እንሂድ፤ ሰው የሚሞትበት ቦታ ስለሆነ ቃሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የገደል ጫፍ «አክሪ» ነው። ኢሜት ጎጎ ላይ ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ ኋላ ለሚያፈገፍግ እንግዳ የምትጮኸው «ሚን ፕሊሲያዜቴ ስቲን አክሪ!» ብለህ ነው፤ ወደ ጫፉ አትጠጉ። «ኺሎስ ቱ ግሬሙ» የሚል አነጋገርም ታገኛለህ። ኺሎስ ከንፈር ነው፤ የገደል ከንፈር እንደ ማለት፣ የእኛው «አፋፍ» አፍን እንደሚያስታውሰን ሁሉ። ያማረ ነው፤ ነገር ግን ግሪኮች አብዛኛውን ጊዜ ለምሳሌያዊ ንግግር ነው የሚጠቀሙበት፤ ለኪሳራ የተቃረበ ነጋዴ ኺሎስ ላይ ቆሟል ይባላል። ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ላይ አክሪን ጻፍ።

የአክሪ ወንድም «አክሮ» በጥንቱ አነጋገር ዳርንም ከፍታንም ይይዛል፤ አክሮፖሊስ ከላይ ያለችው ከተማ ናት። የእኛ «ጫፍ»ም የገመድ ጫፍና የዛፍ ጫፍ ሲባል እንዲሁ ሁለቱን ያዝላል። ለራስ ዳሸን ጫፍ ግን አክሮን ተወውና «ኮሪፊ» በል፤ ተራራ ወጪዎቹ ከ4,500 ሜትር በላይ ደርሰው ሲተቃቀፉ የሚሉት እርሱን ነው።

«ኤክስትሪም» አስቸጋሪው ነው። መዝገበ ቃላቱ «አክሬኦስ» ይልሃል። አክሬኦስ ለአየር ጠባይ ዜና ይስማማል፤ ጎርፍና ማዕበል ሲመጣ ጋዜጦቻቸው ይጠቀሙበታል። ሰውን አክሬኦስ ካልኸው ግን አክራሪ አልኸው። ስለዚህ «የኤክስትሪም ጉዞ ወዳጅ ለሆኑ» የሚለውን መስመር ቃል በቃል እንዳትመልሰው፤ ለአክራሪዎች ጥሪ ይሆንብሃል። «ኤክስትሬም» ብለህ እንዳለ ብታስገባውም አያዋጣም፤ ግሪኮች ይህን ከፈረንሳይኛ ወስደው ለእግር ኳስ የክንፍ ተጫዋች ሰጥተውታል። ወረቀትህ ቼነክ ድረስ በእግሩ የሚወጣ የክንፍ ተጫዋች የሚፈልግ ይመስላል።

ብርዱንስ? «አክሬኦ» አትበለው፤ ብርድ በቢሮ ቋንቋ አይሞቅም። እኛ የሚቆረጥም ብርድ እንደምንለው እነርሱ «ትሱኽቴሮ ክሪዮ» ይላሉ፤ የሚለበልብ፣ የሚያቃጥል ብርድ። ሳንካበር ላይ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅህም። ይፋ በሆነ ጽሑፍ «ድሪሚ ፕሲኾስ» ይጻፋል፤ ለበራሪ ወረቀት ግን የመጀመሪያው ይሻላል።

ለበቅሎዋ ጭነት «ሜይስቶ» የሚል ቃል አለ፤ ከፍተኛው መጠን ማለት ነው፤ አይፈለግም። «ሜኽሪ» በልና ኪሎውን ጻፍ፤ «እስከ» ማለት ነው።

የቀረው አቅም ነው። በፒሬዎስ ወደብ መርከብ ጥገና ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት የነበረን አለቃ፣ ጢሙ በቅባት የወዛ ሽማግሌ፣ ሥራ ሲበዛበት ቁልፉን ወለሉ ላይ ወርውሮ «ኤፍታሳ ስታ ኦሪያ ሙ!» ይል ነበር፤ ገደቤ ላይ ደረስሁ፣ ከዚህ በላይ አልችልም። ሲብስበት ደግሞ «ኦስ ኤዶ ኬ ሚ ፓሬኪ!» ይከተላል፤ እስከዚህ ነው፣ ከዚህ ወዲያ የለም። ከዚያ በኋላ ማንም አያናግረውም። ለማስታወቂያህ እንግዲህ «ዶኪማስቴ ታ ኦሪያ ሳስ» ብትል ልክ ነው፤ አቅምዎን ይፈትኑ። በግሪክ ፊደል ስታሳትመው «ኦሪያ» የሚለው ቃል «ሳስ» ሲከተለው ሁለት የጥብቀት ምልክት ይይዛል፤ አንዱ በመጀመሪያው፣ ሌላው በመጨረሻው አናባቢ ላይ። ማተሚያ ቤቱ ትርፍ ነው ብሎ አንዱን እንዳይሰርዘው ቆመህ ጠብቅ። «በዓለም ዳርቻ» የሚል መስመርም ከኖረህ «ስቲን አክሪ ቱ ኮዝሙ» ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ንግሥተ ዓዜብ በማቴዎስ 12፥42 «ከምድር ዳር» መጣች ይላል። በሐዋርያት ሥራ 1፥8ም «እስከ ምድር ዳርም ድረስ» ይላል። የግሪኩ ቃልስ አንድ ነው?
የአቋቋም ተማሪ፣ ከጎንደር በአታ

መልስ፦ አይደለም፤ በማየትህ ደስ ብሎኛል። በማቴዎስ ያለው «ፔራታ» ነው፤ ነጠላው «ፔራስ»። «ማዶ» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር የሚዛመድ ሲሆን ነገር የሚያበቃበትን ድንበር ያሳያል። ወደ ዕብራውያን 6፥16 ላይ መሐላ «የሙግት ሁሉ ፍጻሜ» የተባለውም ፔራስ ነው። ሙግት እዚያ ይቆማል፤ ወዲያ የለም።

በሐዋርያት ሥራ ያለው «ኤስኻቶስ» ነው፤ ከተራ ሁሉ የመጨረሻው፣ ሩቁ። ስለ ቦታም፣ ስለ ጊዜም፣ ስለ ማዕረግም ይነገራል። ራእይ 22፥13ን ብታወጣ «ፊተኛውና ኋለኛው፥ መጀመሪያውና መጨረሻው» ይላል። ኋለኛው ኤስኻቶስ፣ መጨረሻው ደግሞ «ቴሎስ» ነው። ቴሎስ መቆም ብቻ ሳይሆን መፈጸምም አለበት። የአማርኛው ተርጓሚዎች ለሁለቱ ሁለት ቃል መፈለጋቸውን አስተውል፤ ከማቴዎስና ከሐዋርያት ሥራ ላይ ግን «ዳር» ለሁለቱም በቅቷል። እኔ አልነቅፋቸውም። የምድር ዳር ከተባለ ወዲያ ፔራስ ይሁን ኤስኻቶስ ተጓዡ የሚደርሰው እዚያው ነው።

የቆየውንም ላንሣልህ። የጥንቱ የግሪክ ባለ ቅኔ ሆሜር በኦዲሴይ ግጥሙ መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያውያንን «ኤስኻቲ አንድሮን» ይላቸዋል፤ ከሰዎች ሁሉ ርቀው ዳር የሚኖሩ፣ ፀሐይ በምትጠልቅበትና በምትወጣበት በኩል ለሁለት የተከፈሉ። የዛሬዋን ኢትዮጵያ ብቻ ማለቱ አይደለም፤ በግሪኮች አሳብ ከደቡብ ርቀው የሚኖሩትን ጥቁር ሕዝቦች ነው። ቢሆንም ንግሥቲቱንም እኛንም ዳር ላይ ያስቀመጠው ዓይን አንድ ነው፤ ከእነርሱ ደጃፍ ሆኖ የሚያይ ዓይን። ከጎንደር ሆኖ ለሚያይ ዳሩ አቴና ናት።

ከግሪክ እንግዶች ጋር ብታወራ ግን ኤስኻቶስን በቦታ ስም አታስገባው። ዛሬ የሚሰማው «ኤስኻቲ ፕሮዶሲያ»፣ በአገር ላይ የሚፈጸም ክሕደት፣ እንዲሁም «ታ ኤስኻታ»፣ የዓለም ፍጻሜ በሚል ነው። ስለ ሩቅ አገር «ታ ፔራታ ቲስ ዪስ» ቢሉህ ግን አትደነቅ፤ የማቴዎስ ቃል እስከ ዛሬ በአፋቸው አለ።

ጥያቄ፦ በሒሳብ «ሊሚት» እና «ኤክስትሪመም» የሚባሉትን የግሪክ ተማሪዎች ምን ይሏቸዋል?
የሒሳብ መምህር፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ሊሚት ያው «ኦሪዮ» ነው፤ የትራፊክ ፖሊሱና የሒሳብ መምህሩ አንድ ቃል ይጋራሉ። ኤክስትሪመም «አክሮታቶ» ነው፤ ከፍተኛው «ሜይስቶ»፣ ዝቅተኛው «ኤላኺስቶ»። ኢንፊኒቲን «አፒሮ» ይሉታል፤ አሉታዊው «አ» በፔራስ ላይ ተጨምሮ ወሰን የሌለው ማለት ነው። ፈላስፋው አናክሲማንድሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን የነገር ሁሉ መነሻ ነው ያለው ይኸንኑ ነው። ተማሪዎችህ ሰሌዳ ላይ የተጋደመውን ስምንት ቁጥር ሲያዩ እንዲህ ብለህ አንብብላቸው፤ ስሙ ከምልክቱ በብዙ ዘመን ይበልጣል።